በኮንቬየር ላይ የሚጓዝ ዟሪ የፈርኒቸር መገጣጠሚያ ጠረጴዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከወርክሾፕ ወደ ፋብሪካ ለመሸጋገር የሚያስቡ የፈርኒቸር አምራቾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ስለ ሶፋና ስለ ካቢኔት ናቸው፤ የዟሪ ጠረጴዛ ጥቅሙም ጣጣውም ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ ላይ ነው።

ዟሪ ጠረጴዛ ሲባል በትክክል ምንድን ነው?

ከታች ዕቃውን ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ቀጣዩ የሚያሳልፍ ኮንቬየር አለ፤ ሮለር፣ ሰንሰለት ወይም ሐዲድ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ ደግሞ በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ፣ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚዞር ጠረጴዛ አለ። ሶፋው ወይም ካቢኔቱ አንዴ ከወጣበት ተገጣጥሞ እስኪያልቅ አይወርድም።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠረጴዛ አለው፤ ጠረጴዛው አብሮት ይጓዛል። በሁለተኛው ጠረጴዛ የሚባል የለም፤ በመስመሩ የተወሰኑ ቦታዎች ላይ የሮለሩ ቁራጭ ራሱ ይዞራል። ዕቃው እዚያ ደርሶ ፊቱን ያዞርና ይቀጥላል። ሁለተኛው ወጪው ይቀላል፤ የሚዞረው ክፍል በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለካቢኔት ብዙ ጊዜ ይኼው ይበቃል። ሶፋ የሚያለብስ ሰው ግን በየደቂቃው ዕቃውን ማዞር ስለሚፈልግ ለእሱ የመጀመሪያው ነው የሚሻለው።

ሠራተኛው ራሱ ዙሪያውን ቢሄድ ምን አለበት?

በቀን ሦስት ሶፋ ለሚሠራ ምንም የለበትም። 210 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ዙሪያው 6 ሜትር ነው። ሰውየው ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ስለሚዞር አንድ ዙር ወደ 10 ሜትር ይሆንበታል። ጨርቅ የሚለበሰው ደግሞ በአንድ ዙር አይደለም፤ ከፊት ይያዛል፣ ከኋላ ይሳባል፣ ከግራ ይያዛል፣ ከቀኝ ይሳባል፣ ከዚያ መሃሉ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የአየር ቱቦውን እየጎተተ፣ በወዲያኛው በኩል የረሳውን መቀስ እየፈለገ ነው።

የከፋው ኪሳራ ግን መራመዱ አይደለም። «እስቲ ያዝልኝ» የሚለው ነው። አንዱ ሶፋ ለማዞር ጎረቤቱን ሲጠራ ሁለት ሥራ ይቆማል፤ የተጠራውም ተመልሶ እጁ ሥራው ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ዟሪ ጠረጴዛ ከምንም በላይ የሚያስቀረው ይህንን ጥሪ ነው። ወገብንም ያድናል። ሌላም ሰው የማያስበው ጥቅም አለው፤ የሚሠራበትን ገጽ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ አምፖሉ ማዞር ስለሚቻል የስፌት መጣመም በጊዜ ይታያል።

ለሁሉም ዓይነት ፈርኒቸር ይሆናል?

አይሆንም። ለሶፋ፣ ለኪችን ካቢኔት፣ ለቢሮ ባለ መሳቢያ ሳጥንና ለኮመዲኖ በጣም ይሆናል። ለወንበር ትንሽ ዟሪ ሰሌዳ በተራ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ኮንቬየር ማስገባት ብክነት ነው። አልጋ የሚገጣጠመው ደንበኛው ቤት ስለሆነ መስመር ላይ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ተፈታቶ በካርቶን የሚሸጥ ቁም ሳጥንም እንደዚያው ነው፤ እሱ የሚፈልገው የመሸፈኛና የማሸጊያ መስመር ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጠረጴዛው የሚዞረው ወደ ጎን ብቻ ነው። ሶፋውን ገልብጦ ከሥር ጨርቅ ለመምታት ወይም እግር ለመግጠም መገልበጫ ያስፈልጋል፤ ይህ ሌላ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው ዟሪ ጠረጴዛ አሠርቶ መገልበጡን ይረሳና በመጨረሻው ቦታ ላይ እንደገና ሁለት ሰው ያቆማል።

መስመሩን ከማስገባታችን በፊት ምን ማሟላት አለብን?

ከሁሉም ጥያቄዎች የሚበልጠው ይህ ነው፤ የሚጠየቀው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ መስመሩ የሚመጣው እያንዳንዱ ክፍል ያለ ማስተካከያ ልክክ ማለት አለበት።

ፎርድ በ1913 እ.ኤ.አ. በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው የሚንቀሳቀስ የመገጣጠሚያ መስመር ሲጀምር የአንድ መኪና ሻንሲ መገጣጠም ከ12 ሰዓት ተኩል ወደ 93 ደቂቃ ወርዷል። ሰው የሚያስታውሰው ሰንሰለቱን ነው። ሰንሰለቱ ሊሠራ የቻለው ግን ክፍሎቹ አስቀድመው በአንድ ልክ ስለተመረቱ ነው፤ መስመሩ ላይ ቆሞ ሞረድ ይዞ የሚያስተካክል ሰው ቢኖር ኖሮ ሁሉም ከኋላው በቆመ ነበር።

ወደ ካቢኔት ስንመጣ ነገሩ ያው ነው። የዘመኑ የካቢኔት አሠራር ባለ 32 ሚሊ ሜትር ሥርዓት በሚባለው ላይ የቆመ ነው፤ የጎን ሰሌዳው ቀዳዳዎች 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሯቸው በየ32 ሚሊ ሜትሩ ይበሳሉ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከፊት ጠርዝ 37 ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ የማጠፊያው ጎድጓዳ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ በመብሻ ማሽን ከተጠበቀ መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሥራው ማስገባትና ማጥበቅ ብቻ ነው። ቀዳዳው በእጅ ድሪል ተበስቶ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሸሸ ግን እዚያው ድሪል ማንሳት፣ ድሮ የተበሳውን መድፈን፣ እንደገና መብሳት ይመጣል። በወርክሾፕ ውስጥ ይህ የአንድ ባለሙያ ጣጣ ነው፤ በመስመር ላይ የሁሉም ነው።

ለሶፋም ፍሬሙ በፎርማ መሠራት፣ ስፖንጁ ተቆርጦ፣ ጨርቁ ተሰፍቶ ማለቅ አለበት። የአንድ ሶፋ ሙሉ ዕቃ በአንድ ጋሪ ተሰናድቶ ከጠረጴዛው ጋር እኩል መድረስ አለበት። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በእኔ አስተያየት መብሻ ማሽኑ ወይም መቁረጫው ይቅደም፤ ጠረጴዛው ይደርሳል።

ስንት የሥራ ቦታ፣ ስንትስ ጠረጴዛ ያስፈልገናል?

የሚጀመረው በቀን ስንት መሸጥ እንደሚቻል ከማወቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ለሻይና ለጽዳት 30 ደቂቃ ይቀነስ፤ 450 ይቀራል። በቀን 30 ሶፋ ከተፈለገ በየ15 ደቂቃው አንድ ሶፋ ከመስመሩ መውጣት አለበት። ይህን ነው ታክት የሚሉት።

አሁን አንድ ሶፋ መገጣጠምና ማልበስ በጠቅላላው 75 ደቂቃ የሰው ሥራ ይወስዳል እንበል። 75 ለ15 ሲካፈል 5 የሥራ ቦታ ይሆናል። በወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን አምስቱ ቦታዎች ለምሳሌ 14፣ 13፣ 21፣ 15 እና 12 ደቂቃ ሆነው ይገኛሉ። ድምራቸው ያው 75 ነው፤ መስመሩ ግን የሚሄደው በ21 ደቂቃው ሰው ፍጥነት ነው። 450 ለ21 ሲካፈል በቀን 21 ሶፋ ብቻ! ዘጠኙ ሶፋ የት ገባ ቢባል ሦስተኛው ቦታ ላይ ተጠባብቆ ቀረ ነው መልሱ።

መፍትሔው ሰው ላይ መጮህ አይደለም። ከሦስተኛው ቦታ 6 ደቂቃ ሥራ ተነሥቶ ለአንደኛው 1፣ ለሁለተኛው 2፣ ለአምስተኛው 3 ደቂቃ ቢሰጥ ሁሉም 15 ይሆናሉ። እንዲህ ቆንጆ ሆኖ የሚካፈል ሥራ እምብዛም አይገኝም እንጂ አካሄዱ ይኼው ነው። ካልተካፈለ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ማቆም ይቻላል፤ ጠረጴዛው ስለሚዞር አይጋጩም።

የጠረጴዛው ቁጥር ከሥራ ቦታው ይበልጣል። ለአምስት የሥራ ቦታ አንድ መጫኛ፣ አንድ ማውረጃ እና በመመለስ ላይ ያሉ ሦስት ቢታሰቡ 10 ጠረጴዛ ይሆናል። በዋጋ ማቅረቢያ ላይ የተጻፈው አምስት ብቻ ከሆነ አቅራቢውን ይጠይቁት።

ምን ያህል ቦታ ይወስዳል?

ብዙ ሰው የሶፋውን ርዝመት ለክቶ ያቆማል። የሚለካው ሰያፉ ነው፤ ዕቃው ሲዞር የሚጠርገው ክብ እሱን ያህል ነውና። 210 በ90 የሆነው ሶፋ ሰያፉ ወደ 2 ሜትር ከ30 ነው። 200 በ120 የሆነ፣ በጀርባው የተኛ ቁም ሳጥን ደግሞ 2 ሜትር ከ33 አካባቢ። ስለዚህ ከአንዱ ጠረጴዛ መሃል እስከ ሌላው መሃል ከ2 ሜትር ከ30 በታች ከሆነ ሁለቱ ዕቃዎች እኩል ሲዞሩ ይላተማሉ። ለሰው ማለፊያ ተጨምሮበት 3 ሜትር ቢያዝ ይመረጣል። አምስት የሥራ ቦታ፣ መጫኛና ማውረጃ ሲደመሩ 21 ሜትር መስመር መጣ ማለት ነው። ግድግዳና ምሰሶ ካለ ከክቡ ጠርዝ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ለምን እንደሆነ ስለ አደጋ በሚናገረው መልስ ላይ አለ።

አዳራሹ ጠባብ ከሆነ ሁሉም ቦታ ላይ ሙሉ ዙር አያስፈልግም። ግራና ቀኝ 90 ዲግሪ ብቻ የሚዞር ጠረጴዛ ብዙውን ሥራ ይሠራል።

የጠረጴዛው ቁመት ስንት ይሁን?

የጠረጴዛው ቁመት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ወሳኙ እጅ የሚሠራበት ከፍታ ነው። ለቀላል ሥራ እጅ ከክርን 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ጉልበት ለሚጠይቅ ሥራ ከዚያም ዝቅ ይላል። የሠራተኛው ክርን ከመሬት 105 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ እጁ 95 ላይ ይሠራል። ስቴፕለሩ የሚመታው ከሶፋው ሥር 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ ጠረጴዛው 55 መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። ሮለሩ ከነእግሩ 30፣ ተንሸራታቹ መሠረት 10፣ ኩሽኔታውና ሰሌዳው 10 ቢሆኑ ገና ሥራ ሳይጀመር 50 ሴንቲ ሜትር አለቀ። ለሶፋ ይበቃል። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን ተኝቶ ሲሠራ ግን ጠረጴዛው 35 ገደማ መሆን ስላለበት አይሆንም፤ ኮንቬየሩን ወደ ወለሉ መቅበር ወይም ሠራተኛው የሚቆምበት መድረክ መሥራት ያስፈልጋል። መድረክ ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ይደናቀፍበታል። ወለሉ ገና ካልፈሰሰ ቦዩን አስቀድሞ መተው ነው ብልህነቱ።

ኩሽኔታውን ከአገር ውስጥ ገበያ ማግኘት ይቻላል ወይስ ሙሉ ጠረጴዛው ከውጭ ይምጣ?

ፍሬሙ በቱቦላሬ ብረት፣ ሰሌዳው በኮምፔንሳቶ ማንኛውም ጥሩ የብየዳ ቤት የሚሠራው ነው። ጥያቄው መሃሉ ላይ ነው።

ብዙ የብየዳ ቤቶች የሚያውቁት ዘዴ የመኪና ጎማ ማሰሪያውን ከነኩሽኔታው ገዝቶ ገልብጦ መበየድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም። ክብደት የመሸከም ችግር የለበትም፤ የመኪናን ሩብ ክብደት እየተንገጫገጨ እንዲሸከም የተሠራ ነው። ችግሩ መወላወሉ ነው። ኩሽኔታው ትንሽ ስለሆነ ከመሃል 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለች አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ልል ነገር በ1 ሜትር ላይ 2 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ለሶፋ ማንም አይሰማውም። የካቢኔት በር ለሚያስተካክል ሰው ግን ያበሳጫል። አሮጌ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለት ጎን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዘው ሲላወስ ከተሰማዎት አይግዙ።

ለካቢኔት የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ከሰሌዳው ሥር፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ፣ ስድስት ወይም ስምንት ቋሚ ጎማዎች በክብ ይደረደራሉ፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። መሃል ላይ ያለው ፒን ሰሌዳው ከቦታው እንዳይሸሽ ብቻ ይይዛል። አይወላወልም፤ አንዱ ጎማ ሲበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ነው። ሰጋቱራ ከመንገዳቸው መጠረግ አለበት፣ ሰሌዳውም ያልተጣመመ መሆን አለበት። ትልቅ ባለ ቀለበት ኩሽኔታ ከውጭ ማስመጣት የሚያዋጣው ከባድ ዕቃ ለሚገጣጥም ነው፤ በ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ የተሠራ 120 በ200 ቁም ሳጥን እንኳ ወደ 90 ኪሎ ነው፣ ይህ ለጎማዎቹ ቀልድ ነው።

ሶፋው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ ሲንጠለጠል አይገለበጥም?

መሠረቱ ጠባብ ከሆነ ይገለበጣል። መሠረቱ 120 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግማሹ 60 ነው። 210 ርዝመት ያለው ሶፋ ጫፉ ከመሃል 105 ስለሚርቅ 45 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጫፉ ላይ ቢቀመጥ 80 በ45፣ ማለትም 3600 ይጎትታል፤ ሶፋው 50፣ ጠረጴዛው 30 ኪሎ ቢሆን 80 በ60፣ ማለትም 4800 ይይዛል። ተረፈ። መሠረቱ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ጎታቹ 5200፣ ያዡ 3200 ይሆንና ሰውየውም ሶፋውም መሬት ላይ ናቸው። ሶፋ ላይ መቀመጥ የሚከለክል ማስታወቂያ መለጠፍ ይቻላል፤ ሶፋ ሲያዩ የማይቀመጡ ሰዎች ግን እስካሁን አልተገኙም። መሠረቱን ያስፉ።

የሰሌዳው ገጽ ምን ይልበስ?

ለሶፋ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ጎማ ይመረጣል። ምንጣፍ ዕቃ አይፍቅም፤ ግን የወደቀ የስቴፕለር ሽቦ ውስጡ ይሸሸግና የቀጣዩን ሶፋ ሌዘር ይቧጭራል። በእያንዳንዱ ሶፋ መካከል በማግኔት አንዴ ማበስ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ለሜላሚን ሰሌዳ ጎማ ይሻላል፣ ጥቁር መስመር የማይተው ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ መሞከር ነው። ኮላ በሚፈስበት ቦታ ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ነጩ የእንጨት ኮላ ፕላስቲክ ላይ ስለማይዝ ሲደርቅ ተልጦ ይነሣል።

ሲሠሩበት እንዳይዞር በምን ይያዛል?

በሁለት ዓይነት ነው የሚያዘው። አንደኛው በሞላ የሚገፋ ፒን ነው፤ በየ90 ዲግሪው ቀዳዳ ይኖርና ገጭ ብሎ ይገባል። ለድሪልና ለብሎን ማጥበቂያ ይህ ይሻላል። ሁለተኛው በእግር የሚረገጥ ፍሬን ነው፤ በማንኛውም ማዕዘን ላይ ያቆማል። የሶፋ አልባሽ ይህን ይወዳል፤ ሁለት እጁ ጨርቅ ይዞ ስለሚወጠር ፒን የሚስብበት እጅ የለውም። ፔዳሉ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲረገጥ ዙሪያውን የሚከብብ ቀለበት ይሁን። አንድ ጎን ላይ ብቻ ያለ ፔዳል ጠረጴዛው በዞረ ቁጥር ሰውየውን ያስዞረዋል፤ ያኔ ጠረጴዛው መዞሩ ለምን አስፈለገ?

የአየር ቱቦው አይጠመዘዝም?

ቱቦውን በጠረጴዛው ላይ ካሳለፉት ይጠመዘዛል። ከላይ ይውረድ፤ በሞላ ተስቦ የሚመለስ ቱቦ በሥራው ቦታ አናት ላይ ይሰቀል፣ መሣሪያው ከሥራ ቦታው ጋር ይቅር እንጂ ከጠረጴዛው ጋር አይጓዝ። የአየር ስቴፕለር በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ባር ግፊት ይበቃዋል። ለብሎን ቻርጅ የሚደረግ ድሪል ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በሚዞር ዕቃ አጠገብ መዘርጋት አይመከርም።

ኮንቬየሩ ሳያቋርጥ ይሂድ ወይስ እየቆመ?

እየቆመ። በ3 ሜትር ርቀትና በ15 ደቂቃ ታክት ሳያቋርጥ ቢሄድ ፍጥነቱ በደቂቃ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰው ሊከተለው ይችላል፣ ግን የአየር ቱቦው፣ መብራቱና የዕቃ መደርደሪያው አብረው አይከተሉም። እየቆመ የሚሄድ መስመር ላይ ሁሉም ሲጨርስ ጠረጴዛዎቹ እኩል አንድ ቦታ ያልፋሉ። ለጀማሪ ደግሞ ሞተር ራሱ አያስፈልግም። ጥሩ ሮለር ላይ 150 ኪሎ ለመግፋት የሚጠይቀው ጉልበት 5 ኪሎ ገደማ ዕቃ ከመያዝ አይበልጥም። ከሥር ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ሮለር እንዲኖር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ ካነሰ ጠረጴዛው አፍንጫውን ይደፋል። ሮለሩን ወደ ታች አዘንብሎ በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ለካርቶን ነው፤ ሰው ለሚሠራበት ጠረጴዛ አይሆንም።

መብራት ሲጠፋስ?

በእጅ የሚገፋ መስመር አይነካም። ሞተር ያለውም ቢሆን ፍሪሲዮኑን ለቆ በእጅ ማንቀሳቀስ እንዲቻል ሲታዘዝ ይጠየቅ። ለነገሩ የመስመሩ ሞተር የሚበላው ኃይል ኢምንት ነው። እያንዳንዳቸው ከነዕቃቸው 150 ኪሎ የሆኑ 10 ጠረጴዛዎችን በደቂቃ 6 ሜትር ለማንቀሳቀስ መቶ ዋት እንኳ አይሞላም፤ ለመነሻና ለብክነት ታስቦ ግማሽ ኪሎ ዋት ያልሞላ ሞተር ይበቃል። ሆዳሙ ኮምፕረሰሩ ነው። ጄኔሬተር ሲገዛ የሚለካው በእሱ ነው፤ አየር የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካለ ደግሞ ነዳጁ በዚያ በኩል እየወጣ ነው።

ኮላው እስኪደርቅ መስመሩ ይጠብቃል?

መጠበቅ የለበትም። ነጩ የእንጨት ኮላ እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በሞርሳ ተይዞ መቆየት ይፈልጋል፤ በ15 ደቂቃ ታክት ከሁለት እስከ አራት ጠረጴዛ ቆሞ ሊቀር ነው። በኮላ የሚያያዝ ፍሬም ከመስመሩ ውጭ፣ ባለፈው ቀን ይሠራ። የደጋ ጠዋትንም አይርሱ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ብዙ ኮላዎች ደግሞ በዚህ ቅዝቃዜ በደንብ አይዙም። ደርቆ እንደ ኖራ ከነጣ ቀዝቅዞት ነበር ማለት ነው።

ሠራተኞቻችን ይቀበሉታል?

ይህ ከብየዳው ይከብዳል። በብዙ ወርክሾፖች ባለሙያው የሚከፈለው በቁጥር ነው፤ ሶፋውን ከፍሬም እስከ ጨርቅ ራሱ ሠርቶ «ይህ የእኔ ነው» ይላል። መስመር ሲገባ ሥራው ይከፋፈላል፣ የቁጥር ክፍያውም ትርጉም ያጣል፤ አራተኛው ሰው የፈጠነው ሦስተኛው ስለፈጠነ ሊሆን ይችላልና። ክፍያው በግል ቁጥር ከቀጠለ ጠብ አይቀርም። ደመወዝ ሆኖ መስመሩ በአንድነት ባወጣው ቁጥር ላይ ጉርሻ ቢታሰብ ይሻላል።

ነባሩን አልባሽ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ቀኑን ሙሉ ላስቲክ እንዲወጥር ማድረግ እሱን ማጣት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጨረሻው ቦታ ላይ፣ ጥራት የሚያይና የሚያርም ያድርጉት፤ ወይም በመስመሩ ላይ እየተዘዋወረ የቀረ ሰው ቦታ የሚሸፍን። ሌሎቹም በየሳምንቱ ቦታ ቢለዋወጡ አንድ ሰው ሲታመም መስመሩ አይዘጋም። ልዩ ትእዛዝ፣ ማለትም ደንበኛ ሥዕል ይዞ የመጣበት ሶፋ፣ ከመስመሩ ውጭ ለእነዚህ ባለሙያዎች ይቀመጥ።

ምን ዓይነት አደጋ ሊያደርስ ይችላል?

ዋናው መጨፍለቅ ነው፤ የሚዞር ዕቃ ከማይዞር ነገር ጋር ሲጠጋ። አይኤስኦ 13854 የተባለው ደረጃ ሰውነት እንዳይጨፈለቅ 500፣ ክንድ 120፣ እጅ 100፣ ጣት 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጠይቃል። ምሰሶው 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ያልነው ለዚህ ነው። በዟሪው ሰሌዳና በመሠረቱ መካከል ያለው ክፍተትም ጣት እንዳይገባበት በላሜራ ይከለል። ሞተር ካለ ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያ ከእያንዳንዱ የሥራ ቦታ በእጅ የሚደረስ ይሁን። ማዞሩን ግን በሞተር አታድርጉት ብዬ እመክራለሁ፤ በእጅ ሲዞር የሚያዞረው ሰው ሁልጊዜ ያያል።

ባዶ ጠረጴዛዎች እንዴት ይመለሳሉ?

ቦታ ካለ መስመሩ ሞላላ ክብ ሆኖ ይሠራና ራሳቸው ዞረው ይመጣሉ። ከሌለ በጎን በኩል ሁለተኛ ቀጭን ሮለር። ከሥር የሚመልስ ሊፍት ያለው ዓይነትም አለ፤ ውድ ነው፣ ቁመትም ይበላል።

ጥገናው ከባድ ነው?

አይደለም። መጥረግ፣ ግራሶ ማጠጣት፣ የፍሬኑን ጎማ ማየት። ሰጋቱራና ግራሶ ሲቀላቀሉ እንደ ሊጥ ስለሚሆኑ የተዘጋ ኩሽኔታ ይመረጣል።

አንድ ጠረጴዛ ብቻ አሠርተን ብንሞክርስ?

እንዲያውም እንደዚያ ነው መጀመር ያለበት። ከሁሉም የሚዘገየው ሥራ ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በፊትና በኋላ አንድ ሶፋ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ሰውየውም በቀን ስንት ጊዜ «እስቲ ያዝልኝ» እንደሚል ይመዝግቡ። ልዩነቱ ከታየ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ ቀጥሎም ሮለሩን ማሰብ ይቻላል። ሲያሠሩት ግን የመሠረቱን ስፋት ወደፊት ከሚገዛው ሮለር ስፋት ጋር አስማምተው ያሠሩት፤ የታችኛው ገጹም ወጣ ያለ ብሎን ወይም የብየዳ ጉብታ የሌለው፣ ለጥ ያለ ይሁን። ለጊዜው ጎማ ይገጠምለትና ወለሉ ላይ ይሥራ፤ ሮለሩ ሲመጣ ጎማው ብቻ ይፈታል።